የእግር ልክ

በ1976 ዓ.ም. አሰላ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጥፋቱ የተፈጸመው በእስክሪብቶ ነው። የስፖርት መምህራችን «ያንተ ጽሕፈት ያምራል» ብለው አንድ ሉክ ወረቀት ሰጡኝና፣ ከከተማው ውጭ ለሚደረግ የትምህርት ቤቶች ውድድር የተመረጡትን 11 ሯጮች ስም ከነጫማ ቁጥራቸው መዝግቤ እንዳመጣ አዘዙኝ። ስሙን ጻፍኩ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ግን ሥራው ተበላሸ። ከ11ዱ ልጆች ቁጥራቸውን የሚያውቁት 2 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከገጠር በእግራቸው እየተመላለሱ የሚማሩ ናቸው፤ ጫማ የተገዛለት ቢኖር እንኳ ገበያ መሐል እግሩን ከቶ «ሆነኝ» ወይም «አልሆነኝም» ብሎ እንጂ ቁጥር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም።

ከመካከላቸው አንዷ ከጭላሎ ተራራ ሥር የምትመጣ፣ 1500 ሜትር የምትሮጥ ልጅ ነበረች። «ቁጥሩን እንኳ አላውቀውም፤ ልኬን ግን አባቴ በገብስ አገዳ ይዞታል። ነገ ላምጣልህ?» አለችኝ። ሳቅኩባት። ወረቀቱ ላይ «አገዳ» የሚል ዓምድ የለም። ደወሉም ሊደወል ነው። የራሴን እግር አየሁና ከ9ኙ ስሞች ትይዩ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ 39፣ 39፣ 39 እያልኩ እስከ ታች ሞላሁት።

ልጅቱ ምን እንደደረሰባት ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን፣ አንባቢ ይታገሠኝና፣ ስለ ጫማ ታሪክ ትንሽ ላውጋ። የሩጫችን ታሪክ ሲጻፍ ጫማ የሚነሳው ሁልጊዜ በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ «በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ» ይላል፣ ሌላው «ጫማ እንኳ ያልነበራቸው ድሆች» ይላል። ጀግንነትም ድህነትም አልቀሩብንም፤ አልክድም። ነገር ግን ሁለቱም ጫማውን «አለ» ወይስ «የለም» ብለው ብቻ ነው የሚጠይቁት። ልኩስ? በአማርኛ ልክ የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። ሰው እውነት ሲናገር «ልክ ነህ» እንለዋለን። ሲጠግብ «ልክህን እወቅ» እንለዋለን። ሲቀጣ «ልኩን አገኘ» ይባላል። ጫማ ስንገዛ ደግሞ «ልኬ ነው» ወይም «ልኬ አይደለም» እንላለን። እኔ ማውጋት የምፈልገው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ የፊተኞቹም አልፎ አልፎ ጣልቃ መግባታቸው አይቀርም።

አሰላን ለማያውቃት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጭላሎን ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በስተደቡብ ወደ በቆጂ ሲኬድ ከፍታው ይጨምራል፣ ብርዱም እንዲሁ። አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ያ ጭቃ የገባበት ጫማ ሲወጣ ሁለት ኪሎ መዝኖ ይወጣል። በልጅነቴ በዚህ ጭቃ ላይ የማውቀው የጫማ ዓይነት ከጣት ቁጥር አይበልጥም። ብዙው ሰው በባዶ እግሩ ነው። ከባዶ እግር ከፍ የሚለው በረባሶ ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ፣ ከሥሩ የጎማው ጥርስ ሳይጠፋ የሚቀር፣ ባለቤቱ በጭቃ ላይ ሲያልፍ ትንሽ መኪና ያለፈ የሚያስመስል ጫማ። ከዚያ ኮንጎ አለ። ኮንጎ ላስቲክ ነው፤ በፀሐይ ያቃጥላል፣ በብርድ ይደርቃል፣ ሲሰነጠቅ በጋለ ቢላዋ ይበየዳል። ከዚያ ሸራ ጫማ። የቆዳ ጫማ የሠራተኛና የሙሽራ ነው።

በረባሶን ማንም በቁጥር አይገዛውም። ሠሪው እግርህን ጎማው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ይጭራል፤ ከዚያ ይቆርጣል። እንግዲህ እንደ ዘመናይ አነጋገር ብንሄድ፣ ለግል እግር ታዝዞ የተሠራ ጫማ ማለት በረባሶ ነው። ድሃ የሚባለው ሰው በልኩ ሲጫማ፣ ሸራ ጫማ የሚገዛው የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ግን ከመጣለት ቁጥር ጋር ይታገል ነበር። እናቴ ለእኔ ስትገዛ «ያድግበታል» እያለች ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ታስበልጥ ነበር። ጫማው ልኬ የሚሆንበት ቀን እና የሚቀደድበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ነው።

ልጁ ገበያ ካልሄደ ደግሞ አገዳ አለ። አባት ወይም እናት የገብስ አገዳ መዝዘው ልጁን መሬት ላይ ያቆሙታል፤ ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ ለክተው ይቆርጡታል። ያቺን ቁራጭ በነጠላ ጫፍ ወይም በኪስ ቋጥረው ገበያ ይወስዱና ጫማው ውስጥ ይከቷታል። ከገባች ልክ ነው፤ ከጎበጠች ይጠባል።

ይህን የገጠር ብልሃት ብሎ የሚንቅ ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። እንግሊዞች ዛሬም ጫማቸውን የሚቆጥሩት በገብስ ነው። በመካከለኛው ዘመን ሦስት የገብስ ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ሲደረደር አንድ ኢንች ይሆናል ብለው ደንብ አወጡ፤ ከአንድ የእንግሊዝ ጫማ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት እስካሁን የአንድ ገብስ ፍሬ ርዝመት፣ ማለትም የኢንች ሲሶ ነው፤ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል። እኛ አገር የተለመደው 38፣ 39፣ 40 የሚባለው ደግሞ የፈረንሳዮች ነው፤ አንዱ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። በዚህ ስሌት 39 ማለት 26 ሴንቲ ሜትር፣ 36 ማለት 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎርማ ነው። ፎርማ የሚባለው ጫማ ሰፊዎቻችን ከጣልያንኛ የወሰዱት ስም ነው፤ ጫማው ተወጥሮ የሚሠራበት የእግር ምስል፣ ድሮ ከእንጨት ዛሬ ከፕላስቲክ የሚቀረጸው። ሁለቱም ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ርዝመት ብቻ ነው። ስለ ስፋት ምንም አይሉም። ችግሩ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ጫማ ያደገ ሰው የእግሩ ፊት ይሰፋል፣ ጣቶቹም ይራራቃሉ። ይህንን የእግር ተመራማሪዎች ከ100 ዓመት በላይ ሲመዘግቡት ኖረዋል። የአውሮፓ ፎርማ የተቀረጸው ግን ከሕፃንነቱ ጫማ ውስጥ ባደገ፣ ጣቶቹ በተሰበሰቡ እግር ነው። ርዝመቱ ልክ የሆነ ጫማ በስፋቱ ይገድላል፤ በስፋቱ ልክ የሆነው በርዝመቱ ይዋኛል።

አሁን ወደ ሮም እንሂድ። ሻምበል አበበ ቢቂላ የአርሲ ሰው አይደለም፤ የሰሜን ሸዋ፣ የጃቶ ተወላጅ ነው። ይሁን እንጂ የአርሲን ሯጮች ጫማ ያለ እርሱ እግር መተረክ አይቻልም።

ሮም ላይ ማራቶን የተሮጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ውድድሩ በማታ ስለነበረ አበበ ቆስጠንጢኖስ በር አጠገብ ሲገባ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 3 ተኩል አልፏል፤ አገሩ ለዘመን መለወጫ ችቦውን አብርቶ የገባበት ሰዓት። እዚያም በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ላይ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ከእርሱ በፊት ማንም በዚያ ፍጥነት ማራቶን ሮጦ አያውቅም።

በባዶ እግሩ ለምን ሮጠ? ሲነገር የኖረው ታሪክ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አዲዳስ ለሯጮች ከሚያድለው ጫማ ለአበበ እግር የሚስማማ አልተገኘም ይላል። ሁለተኛው፣ ሮም ውስጥ አዲስ ጫማ ገዝቶ ሲለማመድበት እግሩን አቆሰለው ይላል። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ፤ አበበ በልምምድም በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ነው። እኔ ሁለቱን ታሪኮች ደጋግሜ ሳነብ የማየው አንድ ነገር ነው። በአንዱም ውስጥ «ጫማ አልነበረውም» የሚል የለም። ጫማ ነበር። የቀረበለት ጫማ ልኩ አልነበረም። 42 ኪሎ ሜትር ከማይሆን ጫማ ጋር ከመታገል፣ የሚያውቀውን እግሩን መረጠ። ይህ በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የጀግንነት ዘፈን ይልቅ የሚደነቅ የባለሙያ ውሳኔ ነው። ሮም ያ ሁሉ የጣልያን ጦር ከ25 ዓመት በፊት ተጫምቶ በባዶ እግሩ በሚዋጋ ሠራዊት ላይ የዘመተባት ከተማ ስለሆነች ግን፣ ታሪኩ ያን ጊዜውኑ ከጫማ ልክ ወደ ታሪክ ሚዛን ወጣ። ማንስ ይፈርዳል?

በዓመቱ፣ ሰኔ 1953 ዓ.ም. አበበ ኦሳካ ላይ ለመሮጥ ጃፓን ሄደ። እዚያ ኦኒትሱካ ኪሃቺሮ የሚባሉ ጫማ ሠሪ ማረፊያው ድረስ መጡ፤ ዛሬ አሲክስ የሚባለው ኩባንያ መሥራች ናቸው። የጃፓን መንገድ ለባዶ እግር አይመችም ብለው አሳመኑትና በእርሳቸው ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አምስት ሳምንት እንዳለፈው፣ በካልሲና በነጭ ፑማ ጫማ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የዓለምን ክብረ ወሰን በባዶ እግሩም በጫማም ሰበረ ማለት ነው። ልኩን ያገኘለት ጊዜ ጫማን አልናቀም። ይህኛው ፎቶግራፍ ግን ከሮሙ ጋር ሲነጻጸር ማንም ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም።

ስለዚህ ነገር አንድ ጨዋታ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን አገራችንን በወረረችበት ዓመት፣ ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣልያናዊ ተራራ ወጪ በአልፕስ ተራሮች ላይ ስድስት ጓደኞቹን አጣ፤ ጫማቸው ለድንጋዩና ለበረዶው አልሆነም ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ለተራራ ወጪዎች ጥርስ ያለው የላስቲክ ሶል ሠራ፤ ከስሙና ከአባቱ ስም ቆንጥሮ «ቪብራም» አለው። በሌላ አነጋገር በረባሶ ሠሪያችን ከመኪና ጎማ ያገኘውን ጥርስ ብራማኒ ለብቻው ቀረጸው። ይኸው ኩባንያ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ባዶ እግር መሮጥ በምዕራብ አገር ፋሽን ሲሆን፣ አምስት ጣት ያለው እንደ እግር ጓንት ያለ ጫማ አወጣ፤ አንዱንም ዓይነት «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ዘግይታችኋል ብሎ ክሱን ዘጋው። እንግዲህ በባዶ እግሩ የታወቀ ሰው ስም በጣልያን ጫማ ላይ ተለጥፎ በአሜሪካ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው አዘጋጁ አበዛኸው ብሎ ይሰርዝበት ነበር።

ወደ አርሲ ልመለስ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው በ1965 ዓ.ም. አሰላ አጠገብ ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር እየሮጠ መሄዱን፣ ደብተሩን የያዘበት ክንድ ዓለም ካወቀው በኋላም እንደታጠፈ መቅረቱን ሁሉም ያውቃል። ስለ ጫማ ግን ሁለት ታሪኮች አሉት፤ ብዙ አይወሩም።

የመጀመሪያው ነሐሴ 1985 ዓ.ም. ሽቱትጋርት ላይ የሆነው ነው። በ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል ኃይሌ ከፊቱ የሚሮጠውን የኬንያውን ሞሰስ ታኑይ ተረከዝ ረገጠበት። የታኑይ ጫማ ተላቀቀ። ታኑይ በንዴት ጫማውን ወርውሮ በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ ባዶ እግር ተፈተለከ፤ ብዙ ሜትርም ጥሎት ሄደ። ኃይሌ በመጨረሻዋ ቀጥታ ደርሶበት በግማሽ ሰከንድ ቀደመው። እኔ ያን ቀን በጩኸት ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ዓይኔ ሜዳው ላይ የቀረችው ጫማ ላይ ነው። ሁለተኛው አትላንታ ላይ፣ ሐምሌ 1988 ዓ.ም. ነው። የትራኩ ወለል እንደ ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። ኃይሌ 10 ሺህውን አሸነፈ፤ እግሩ ግን ውኃ ቋጥሮ ስለቆሰለ 5 ሺህውን ትቶ ወጣ። በዓለም ምርጥ የሚባል ባለ ሚስማር ጫማ ተጫምቶ ነው ይህ የሆነው። በዚያው ሳምንት የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ በማራቶን አሸነፈች። ከእርሷ አራት ዓመት በፊት ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉም የበቆጂ ናት። ጥሩነሽና ቀነኒሳ ተከተሉ፤ አሰላም በጥሩነሽ ዲባባ ስም የሚጠራ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አላት።

ከሩጫው ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር፤ ጫማ የሜዳሊያ ጉዳይ ብቻ አይደለምና። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በተፈጠረ፣ ዝናብ በሚበዛበት የደጋ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ የሚሠራ ገበሬ፣ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ኢትዮጵያ ውስጥ ያጠኑት ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ ሐኪም ናቸው። ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጎረቤት ግን «ይጋባል»፣ «የዘር ነው» እያለ ታማሚውን ያገልለዋል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ መጫማትና እግርን መታጠብ ነው። እግሩ ያበጠበት ሰው ደግሞ በሱቅ ካለው ቁጥር አንዱም አይሆነውም፤ ለእርሱ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራለት ሰው ካላገኘ በባዶ እግሩ ወደዚያው አፈር ይመለሳል። ስለ ባዶ እግር ሲዘፈን ይህ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ የልጅቱን ነገር ልጨርስ። ጫማው ለውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው በካርቶን መጣ። ሸራ ነው፤ ነጭ። ሁሉም 39 ነው፤ እኔ እንደጻፍኩት። የእርሷ እግር ኋላ እንዳወቅኩት 36 ነበር፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ማለት ነው። «በባዶ እግሬ ልሩጥ» ብላ ለመነች። ኃላፊው «ያሰድቡናል» አሉ። ፊት ፊቱ ላይ ጋዜጣ ተጠቀጠቀ፤ ማሰሪያው በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ተጠመጠመ። ርክክቡ ላይ ፈረመች፤ ጫማው የመንግሥት ንብረት ነው፣ ተመላሽ ነው። የፊርማውንም ወረቀት የያዝኩት እኔው ነኝ።

1500 ሜትር ሦስት ዙር ከሦስት ሩብ ነው። የመጀመሪያውን ዙር መራች። በሁለተኛው ተረከዟ ሲወጣና ሲገባ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። በሦስተኛው መግቢያ ላይ ቆመች። ቁጭ ብላ ሁለቱንም አወለቀች። ሌሎቹ ባጠገቧ እያለፉ ነው። ተነሥታ እንደገና ሮጠች፤ ጫማዎቹን ግን አልጣለቻቸውም፤ ፈርማባቸዋለችና ሁለቱን በአንድ እጇ ይዛ ነው የሮጠችው። የሚያልፉት 3 ነበሩ፤ እርሷ 5ኛ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት አቋረጠች። በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ያን ጊዜ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ምክንያት ሞልቶ ነበር። ባይሆን ኖሮ ሌላ ደራርቱ ትሆን ነበርም አልልም። ያ ለልጅቱም ለደራርቱም ክብር አይደለም። ብቻ ያን ቀን በልኳ ተጫምታ ወይም በባዶ እግሯ ብትሮጥ ስንተኛ እንደምትወጣ ማወቅ እንችል ነበር፤ ያን ማወቅ የከለከልኳት እኔ ነኝ።

ስለ ጫማ ዕድሜም ሳልናገር አላልፍም፤ አሰላ ስሄድ ሁልጊዜ የምቀመጥበት አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ የምማረው ነገር አለና። ሰውየው ወስፌና ጉጠት ከያዙ 40 ዓመት ሞልቷቸዋል። ለእርሳቸው ጫማ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጠገንና የማይጠገን። የቆዳ ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ሶል ይቀየርለታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ። በረባሶ ጥገና አይፈልግም፤ ጎማው ከመኪናው ላይ ከወረደ በኋላም ብዙ ዓመት ሰው ይሸከማል፤ ማሰሪያው ብቻ ነው የሚበጠሰው። የዛሬው የሩጫ ጫማ ግን ያስቸግራቸዋል። ሯጮቹ ሲያመጡላቸው ላዩ አዲስ ነው። «ምኑን ልስፋው?» ይላሉ። የሞተው ውስጡ ያለው ስፖንጅ ነው። የጫማ ሠሪዎቹ ምክር አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥበታል፣ ከዚያ ስፖንጁ ተደፍጥጦ አይመለስም የሚል ነው። በሳምንት 160 ወይም 200 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ የማራቶን ሰው ይህ የአንድ ወር ዕድሜ ነው። ላዩን አይተው የሚታለሉ ጀማሪዎች ከታላላቆቻቸው የተረፈ ጫማ ተቀብለው ሌላ አንድ ዓመት ይጨምሩበታል፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዳገቱን ይወቅሳሉ። ጭቃ የጠጣውን ጫማ ምድጃ ዳር ማድረቅ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ማስቲሹ ይለቅና ሶሉ እንደ አፍ ይከፈታል። ይህንን ግን ሰውየው በደስታ ያጣብቁታል፤ እንጀራቸው ነው።

አንድ ቀን ስለ በርሊኑ ጫማ ነገርኳቸው። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ፣ የነበረውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው የቀነሰችው። የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ብቻ ነው። ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ሳመችው፤ ከራሷም በላይ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ለሮሙ ሯጭ ልኩን ያላገኘለት ኩባንያ ከ63 ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያዊት የሠራው ጫማ ነው። ዋጋው 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት ለሚደረግ ጥቂት ማለማመጃ የሚበቃ ነው ብለው ነው የሸጡት።

ሰውየው መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ለአንድ ማራቶን?»

«ለአንድ።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንደ ሙሽራ ጫማ ነዋ» አሉ። ከዚያ ስለ ክብደቱ እንደገና ጠየቁኝና አጠገባቸው ያለውን በረባሶ አንሥተው በእጃቸው መዘኑት።

ልጅቱን ያገኘኋትም እዚያው ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በገበያ ቀን። አሁን ልጅቱ ማለት ነውር ነው፤ የልጅ ልጅ አይታለች። የልጅ ልጇን ጫማ ልታሰፋ መጥታ አጠገቤ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ያወቀችኝ እርሷ ናት። «አንተ ጸሐፊው አይደለህም?» አለችኝ። ስለ ድሮ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሞቱትና ስላሉት አወጋን። ስለ ውድድሩ ስታነሣ እየሳቀች ነበር። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት፤ 39 ብዬ የሞላሁት እኔ መሆኔን፣ አገዳውን ላምጣ ስትለኝ መሳቄን፣ ሁሉንም።

ሳቋን አቆመች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእግሬ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የመጣው፤ ሌሎቹ ሮጡበት፤ የእኔ እግር ነው ከሰው የተለየው እያልኩ። አባቴም ሲጠይቀኝ እንዲያ ነው ያልኩት።»

ምን ልበላት? ይቅርታ ጠየቅኳት። እጇን አወናጨፈች፤ ተቀበለችኝም አልተቀበለችኝም እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በዚህ መሐል ሰውየው የትንሿን ልጅ ጫማ ገልብጠው አይተው ሲያበቁ፣ ይህ አያዋጣም፣ አዲስ መግዛት ይሻላል አሉ። እርሷም ልጅቷን ጠርታ ጫማዋን አስወለቀቻትና ከሰውየው የቀደደችውን የካርቶን ቁራጭ መሬት ላይ አነጠፈች። «ቁሚበት» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«እስክሪብቶህን አምጣ።»